በረመዳን የመዘንኩት ጠመንጃ

ሥራ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላው ጦርነቱ ነው። ከሸሸንበት ተመልሰን ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለው ቤታችን ስንገባ ሰዎች በር እያንኳኩ «ያ ሐጃ ዘይነብ፣ ይቺን ጠመንጃ እስቲ እዪልን» ይሉኝ ጀመር። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ከአያት የተወረሰ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በዓመት ጥቂት ቀን ኢላማ ላይ የሚወዳደሩበት አሮጌ ጠመንጃ ነው። አሁን የሚመጣው ግን ትናንት በማን እጅ እንደነበረ፣ ነገ ማን ላይ እንደሚዞር የማይታወቅ ነው። አንዱንም አልነካሁም። በር ሲንኳኳ እስከ ዛሬ እኔ አልወጣም። የልጄ ልጅ ሰልማ ወጥታ «ሐቦባ ታማለች፣ ሥራ ትታለች» እያለች ትመልስልኛለች፤ ሐቦባ አያት ማለት ነው።

ሰልማ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው። «ሐቦባ፣ ሴት ሆነሽ ጠመንጃ ሠሪ? ወላሂ ጻፊው» ትለኛለች። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ስጽፍ እዘገያለሁ። የምጽፈው ግን ሴት ሆኜ ጠመንጃ ስለሠራሁ አይደለም። ጁማ የሚባል ሰው በእኔ እጅ ስህተት ከሥራው ተባሮ ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም ብል ማንም አይደርስበትም። ብናገር ደግሞ የምኖርበትን ወረቀትም፣ የምሠራበትን ቤትም ላጣ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ያንን ነገር ሌላ ሰው ለውጦ ከሚያወራው እኔው ልጻፈው።

ወደ ካርቱም የመጣሁት እንደ ብዙዎቹ የወሎ ሴቶች የሰው ቤት ልሠራ ነው። አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር ሐጃ በድሪያ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ቤት ገባሁ። እንግዳ የማይጠፋበት ትልቅ ቤት ነበር። ከሚመላለሱት አንዱ የሐጃ ወንድም ኡስታ ዑስማን ነበሩ። «ኡስታ» እዚህ አገር የእጅ ሙያ ያለውን ሰው የሚጠሩበት ነው፤ ሲጠሩት «ያ ኡስታ» ይላሉ። ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ የአሮጌ ጠመንጃ እንጨት የሚሠሩበት አንድ ክፍል ነበራቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን አሥራ ስድስት ብርጭቆና አንድ ሙሉ የሻይ ማንቆርቆሪያ በትሪ ይዤ ስገባ አዩኝ።

«ማንቆርቆሪያውን ለምን ወደ ሆድሽ አስጠጋሽው?» አሉኝ።

«ፊት ካደረግኩት ክንዴን ይጎትተዋል።»

«ብርጭቆዎቹንስ ለምን ሁሉንም አላስጠጋሻቸውም?»

«ፊቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ትሪው ይዘላል፣ ያ ኡስታ። ትንሽ የሚጫነው ነገር ይፈልጋል።»

ሐጃ ሳቁና «ዑስማን፣ ልጅቷን ተዋት፣ ሻዩ ሊቀዘቅዝ ነው» አሉ። ኡስታ አልሳቁም። በሳምንቱ ተመልሰው መጡና ሐጃን «ይቺን ሐበሺያ ለእኔ ስጪኝ» ሲሏቸው በሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ገባሁና «እኔ ዕቃ አይደለሁም፤ የሚጠየቀው እኔን ነው» አልኩ። ሐጃ ተቆጡ። ኡስታ ግን መሬት መሬት እያዩ «ልክ ነሽ። ትመጫለሽ?» አሉኝ። እሺ ያልኩት ስለጠየቁኝ ብቻ ነው። አባቴ አገር ቤት ምንሽር ነበረው፤ ሴት ልጅ እንድትነካው ግን አይፈቅድም ነበር። ስለ ጠመንጃ የማውቀው ሁሉ ከሩቅ ነው።

ደሞዙ ከቤት ሠራተኛነቱ ብዙም አይበልጥም። ኢቃማዬን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኡስታ በስማቸው አወጡልኝ። በየዓመቱ ይታደሳል፤ በየዓመቱም ሊታደስ ሲል እንቅልፍ አጣለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስና የተልባ ዘይት ስቀባ አሳለፍኩ። ከዚያ ወደ ሚዛኑ አስገቡኝ።

ጣሪያው ላይ በተመታ ምስማር የቆዳ ጠፍር ተንጠልጥሎ ነበር። ጠመንጃውን በጠፍሩ ቀለበት ውስጥ አስገብተን፣ ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተትን፣ ወደየትም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠልበትን ቦታ እንፈልጋለን። እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርጋለን። ከዚያ ምልክቱ ከቃታው ፊት ስንት ጣት እንደሚርቅ እንለካለን። ለአብዛኛው ሰው አራት ጣት ጥሩ ነው። ሰው የማያውቀው፣ ሁለት ጠመንጃ እኩል መዝኖ አንዱ ቀላል፣ ሌላው ከባድ ሊሆን መቻሉን ነው። ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ነው ነገሩ። ወደ አፈሙዙ ካደላ አንዴ ከቆመ አይወዛወዝም፣ ሲተኮስም ብዙ አይዘልም፤ ግን ለማንሳት ይዘገያል፣ ግራ ክንድን ያደክማል፣ እየቆየ አፉ ወደ መሬት ይወርዳል። ወደ ሰደፉ ካደላ ቶሎ ይነሳል፣ ለመሸከምም ይቀልላል፤ ግን አፈሙዙ ይቅበጠበጣል፣ ኢላማው ላይ አቆመዋለሁ ስትል አልፎ ወደ ላይ ይሄዳል። ፊቱ ሲከብድ ከብረቱ ሥር ያለውን እንጨት ከውስጥ እንፈለፍላለን፤ ወይም የሰደፉን ብረት ፈተን፣ እንጨቱን ሰርስረን፣ እርሳስ እንጨምራለን።

ኡስታ ግን ከመሰርሰሪያው በፊት የሚያደርጉት ነገር ነበራቸው። ደንበኛው ሲመጣ ስለ ጠመንጃው አይጠይቁትም። ሻይ ያስቀዱና ትሪውን ራሱ ደንበኛው ወደ ሌሎቹ እንዲያዞር ያደርጉታል። ትልልቅ ሰዎች ይከፋቸው ነበር። እሳቸው ክንዱን፣ ትከሻውን፣ ትሪውን ከደረቱ ምን ያህል እንደሚያርቅ ያያሉ። ቀጥለው ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዲያሳርፍ ያዙታል። ሲገልጥ አፈሙዙ የት እንደሚያይ ነው ሚዛኑን የሚነግራቸው፤ ዓይን ከተከፈተ ሰው ያስተካክለዋል፣ ያታልላል። እርሳሱንም ወዲያው አይቀብሩም። በጨርቅ ጠቅልለው ከሰደፉ ውጭ ያስሩትና «ሦስት ቀን ያዘው፤ ጠዋትም አንሳው፣ ከምሳ በኋላም አንሳው፤ ከዚያ ና» ይሉታል።

ምክንያት የሚባል ነገር ግን አይናገሩም። «እንዲህ አድርጊ» ካሉ በቃ። አንዱ ትእዛዛቸው «በረመዳን ሚዛን አይነካም» የሚል ነበር። በጾሙ ወር ማለስለስና ዘይት መቀባት ብቻ ነው። እኔ የወሩን ክብር ለመጠበቅ ብለው ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት። ብጠይቃቸው ኖሮ።

ለብቻዬ የሠራሁት የመጀመሪያው ጠመንጃ የአንዲት አዋላጅ ነበር፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት። የአባቷን ረጅም ጠመንጃ ወርሳለች፤ የአጎቷ ልጆች «ጠመንጃው አንቺን ይሸከምሻል እንጂ አንቺ እሱን አትሸከሚውም» እያሉ ይስቁባታል። አባቷ ረጅም ሰው ነበሩ፤ ለእሳቸው የተመቸው ለእሷ ፊቱ ድንጋይ ነው። ከብረቱ ሥር ያለውን እንጨት ቀን በቀን፣ በመሮ፣ የልጅ ጆሮ እንደሚያጸዳ ሰው ቀስ እያልኩ ፈለፈልኩት። ስትመለስ ዓይኗን ጨፍና አነሳችው፤ ገለጠች።

«ያ ሰላም! አባቴ ክብደቱን ወዴት ወሰደው?» አለች።

«ወለሉ ላይ ነው፣ ፍቅፋቂውን ጥረጊው» አልኳት። መጥረጊያውን ተቀብላ እየሳቀች ጠረገች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ልጅ አሳደግኩ፣ ዳርኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ። ያ የረመዳን ነገር የመጣው እጄን ማመን በጀመርኩበት ጊዜ ነው።

ኡስታ እግራቸው ቆስሎ ሶባ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሥራ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኮሎኔል ኻሊድ መጣ። ጡረታ የወጣ መኮንን፣ ትልቅ ሰው ነው፤ እዚህ «አለ» እያልኩ የምጽፈው ስለምንቀው አይደለም፤ ጁማንም «አለ» ነው የምለው፣ ሁለቱን ላበላልጥ አልፈልግም።

«ከዒድ በኋላ ባለው ጁምዓ ውድድር አለ። ጠመንጃዬ አፉን ይደፋብኛል» አለ።

«ሰዓደቱክ፣» አልኩ፣ መኮንን የሚጠራበት የክብር ስም ነው፣ «በረመዳን ሚዛን አንነካም።»

«ኡስታ የሉም እንዴ? ሰነፍሽ ማለት ነው።»

እኔን ሰነፍ! ብሽቅ አልኩ። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ቀኑ ዘንበል ሲል ነበር፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። ትሪ የሚያዞርበት ሻይ የለም፣ ጾም ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አነሳ። ሲገልጥ አፈሙዙ ግድግዳው ላይ ከሳልናት ክብ በታች መሬት ያያል። እኔም ተቀብዬ አነሳሁት፤ እውነትም ፊቱ ከባድ ነው። ሦስት ቀን አስረህ ሞክረው ስለው «ከዒድ በፊት ጊዜ የለኝም፣ ያላ ጨርሺው» አለኝ። ጨረስኩት። የሰደፉን ብረት ፈትቼ፣ ሰርስሬ፣ እርሳሱን ቀበርኩ። የጠመኔው ምልክት ከአራት ጣት ወደ ሁለት ወረደ። እንደገና ዓይኑን ጨፍኖ አነሳ፤ ሲገልጥ አፈሙዙ ልክ ክቧ ላይ ነው።

«አየሽ? ይቻላል» ብሎኝ ሄደ። ኮራሁ።

ውድድሩ ሶባ ዳር ባለ ሜዳ ነው። ኢላማዎቹ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ጥይት የሚያስቀር ትልቅ የአፈር ክምር አለ። ጁማ የሚሠራው እዚያ ነው። ከኢላማው አጠገብ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀመጣል፤ ወረቀት ለመቀየር ሲወጣ ቀይ ባንዲራ ያቆማል፣ ሲመለስ ያወርደዋል። ባንዲራው ቆሞ ሳለ ማንም አይተኩስም። ከኑባ ተራሮች የመጣ ሽበታም ሰው ነው። የሚኖረው እዚያው ሶባ ነው፣ በእግሩ ይመላለሳል፤ ስንቱን ዓመት አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም።

የዚያን ቀን ተኳሾቹ ጠመንጃቸውን ወገባቸው ላይ ይዘው ይቆማሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ፣ እስከ አምስት ሳይቆጠር አንስተው መተኮስ አለባቸው። የሠራሁትን ለማየት ከኋላ ቆሜያለሁ። የኮሎኔሉ ተራ ደረሰ። ፊሽካ። ጠመንጃው ከወገቡ እንደ ወፍ ተነሳ። አፈሙዙ ኢላማው ላይ ደረሰ፣ አልቆመም፣ አለፈ፤ ጥይቱ ወጣ።

አፈሩ ላይ አቧራ አልተነሳም።

አቧራ ካልተነሳ ጥይቱ ክምሩን አልፏል ማለት ነው። ከኋላ መንገድ አለ፤ ውኃ የሚሸጡ ሰዎች በአህያ ጋሪ በርሜል ጭነው የሚያልፉበት። ጥቂት ቆይቶ የሰው ጩኸት ሰማን። ሮጠን ክምሩን ዞርን። በርሜሉ ተበስቷል፤ ውኃው ይወርዳል። ጋሪ ነጂው መሬት ቆሞ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ጀርባውን ይዳስሳል። ምንም አልሆነም። ቀዳዳው ግን ተቀምጦበት ከነበረው ቦታ አንድ ስንዝር ነው የሚርቀው።

የክበቡ ጸሐፊ ሙዓዊያ የሚባል፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ፖሊስ መጥቶ ሜዳውን ሳይዘጋው ጥፋተኛ ማግኘት ነበረበት።

«ሰዓደቱክ እንዴት ይህን ያህል ይስታል? አንድ ነገር አይተሃል» አለው።

ኮሎኔሉ ዓይኑን ከተበሳው በርሜል አልነቀለም። «አንድ ነገር... ቀይ ነገር የተነቃነቀ መሰለኝ» አለ።

«ባንዲራው!» አለ ሙዓዊያ። «ጁማ! ሰው እየተኮሰ ባንዲራ ታነሳለህ?»

«ወላሂ አልነካሁትም» አለ ጁማ።

«ዝም በል! ባንዲራውን አምጣና ሂድ። ፖሊስ ከጠየቀኝ የምሰጠው ያንተን ስም ነው።»

ጁማ ዞር ዞር ብሎ ሁላችንንም አየ። እኔንም አየኝ። እኔ ባንዲራው ተኝቶ እንደነበር አይቻለሁ። ከአፌ ምንም አልወጣም። ኢቃማዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሚያድሱልኝ ኡስታ ሆስፒታል ናቸው። ወደ ሐጅ ዩሱፍ የሚመልሰኝ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ጁማን በመንገዱ ዳር ብቻውን ሲሄድ አየሁት። ባንዲራ የሚይዝበት እጁ ባዶውን እንደተጨበጠ ነበር። ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ቤት ገብቼ በረመዳን ዘይት የቀባሁትን አንድ ጠመንጃ ለባለቤቱ ልሰጥ አነሳሁ። በጾሙ ወር ሳነሳው ፊቱ ከባድ ነው ብዬ ለራሴ ተናግሬ ነበር። አሁን ቁርሴን በልቼ፣ ሻዬን ጠጥቼ ሳነሳው ቀላል ሆነብኝ። አስቀመጥኩት። እንደገና አነሳሁት። የኮሎኔሉ ጠመንጃ ፊቱ ከባድ አልነበረም። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ጾሞ የደከመ ክንድ ነው ያመጣልኝ፤ የመዘንኩትም እኔ፣ በደከመ ክንዴ። ለጾም ክንድ ያቃለልኩትን ጠመንጃ ዒድ በልቶ የጠገበ ክንድ ሲያነሳው ወደ ሰማይ ሄደ። የኡስታ ትእዛዝ ለዚህ ነበር።

የዚያኑ ቀን ሶባ ሆስፒታል ሄድኩ። ኡስታ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«የኮሎኔሉን ጠመንጃ በረመዳን መዘንኩት» አልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ዓይናቸውን ከደኑ። «በስንት ሰዓት?»

«ከአስር ሶላት በኋላ።»

«ሦስት ቀን በውጭ አስረሽ ሰጠሽው?»

«ቸኮለ።»

«እሱ ቸኮለ። አንቺስ?»

«እኔም ቸኮልኩ» አልኩ። ግን እዚያ ላይ አላቆምኩም። «ለምን እንደማይነካ አንድ ቀን ነግረውኝ ቢሆን አልነካውም ነበር።»

«ይሄኛው ጥፋት የእኔ ነው» አሉ። ቀጥለው፦ «ለክበቡ ግን እንዳትናገሪ። ሥራ ቤቱ ይዘጋል። ኢቃማሽን ማን ያድስልሻል?»

«ጁማስ?»

«ስድን ሌላ ቦታ አስገባዋለሁ።»

«ሌላ ቦታ አልጠየቀም፣ ያ ኡስታ። ሰው ሊገድል ነበር ተብሎ ነው የወጣው። ያንን ማን ያነሳለታል?»

«ግትር ሴት ነሽ።»

«ሲወስዱኝም አውቀው ነው የወሰዱኝ።»

ተነስቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ያ ዘይነብ። እዚያ ሄደሽ አታውሪ፤ አያምኑሽም። ኮሎኔሉን ውኃ አሸክሚው።»

የሚቀጥለው ጁምዓ ላይ ኮሚቴው ሜዳው ዳር ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ነበር። አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ጁማንም አስጠርተውታል፤ ለፖሊስ የሚሰጥ ወረቀት ላይ እንዲፈርም። ከዛፉ ጥላ ውጭ ቆሟል። በአጠገቡ አልፌ ጥላው ሥር ገባሁ።

«ጥፋቱ የጁማ አይደለም» አልኩ። «ሚዛኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጠመንጃው ፊቱ ቀሎ ነው ኢላማውን ያለፈው። ባንዲራው አልተነቃነቀም፤ አይቻለሁ።»

ሙዓዊያ ሳቀ። «ሱብሓነላህ! የቤት ሠራተኛ ስለ ጠመንጃ ልታስተምረን መጣች። ኢቃማሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ ከፈለግክ ጻፈው። ሰዓደቱክ፣» አልኩ ወደ ኮሎኔሉ ዞሬ፣ «ጠመንጃህን ባዶውን፣ ዓይንህን ጨፍነህ አንሳው።»

አመነታ። ሁሉም ስለሚያየው ግን ጥይት አለመኖሩን አሳይቶ፣ ጨፍኖ አነሳ። ሲገልጥ አፈሙዙ ከአፈር ክምሩ በላይ ባዶ ሰማይ ያያል።

«አሁን እነዚያን ሁለት ጀሪካኖች ሞልተህ ሜዳውን አምስት ጊዜ ዙር።»

«እኔ?»

«በረመዳን ያመጣህልኝ ክንድ ሌላ ነው። እሱን ነው የምፈልገው። ወይስ ሰዓደቱክ ሁለት ጀሪካን ይከብደዋል?»

አንድ ሽማግሌ «ኸህ!» ብለው ሳቁ። ኮሎኔሉ ቀላ። ጀሪካኖቹን አነሳ። አንድ ዙር እንደ ወታደር ሄደ። ሦስተኛው ላይ ጀላቢያው ጀርባው ላይ ተጣበቀ። አምስተኛውን ሲጨርስ እጆቹ ከጉልበቱ በታች የወረዱ ይመስሉ ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ባይሆንስ፣ ተሳስቼ ቢሆንስ እያልኩ ዙሩን እቆጥራለሁ።

«ጨፍን። አንሳ» አልኩ።

ገለጠ። አፈሙዙ ልክ የኢላማው መካከል ላይ ነበር።

ኮሎኔሉ ጠመንጃውን አወረደ። ጁማን ሳይሆን መሬቱን እያየ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ቀይ ነገር አላየሁም። ምንም አላየሁም» አለ። ወረቀቱ ሳይፈረም ተቀደደ።

ስለ እኔ የተወሰነውን እዚህ ላይ ልጨርሰው። ሙዓዊያ ክበቡ ከእንግዲህ አንድም ጠመንጃ ወደ ኡስታ ቤት እንደማይልክ ተናገረ፤ አልላኩም። ኢቃማዬ ኡስታ ከሆስፒታል እስኪወጡ ድረስ ሳይታደስ ቆየ፤ ያን ጊዜ ሁሉ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እየቀየርኩ ሄድኩ። ሥራ ቤቱ በግል ደንበኞች ብቻ፣ እያነከሰ፣ እስከ ጦርነቱ ኖረ። ኡስታ ግን ከዚያ በኋላ ምክንያት መናገር ጀመሩ። ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ በየትእዛዙ መጨረሻ «ምክንያቱም...» ይሉና ትንሽ ይቆማሉ።

የዚያን ቀን ግን ነገሩ ገና አላለቀም። ኮሎኔሉ ጠመንጃውን ሰጠኝና «አውጪው» አለኝ። ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ የሰደፉን ብረት ፈታሁ፣ እርሳሱን አወጣሁ፣ በአንድ ሰው ቀበቶ አንጠልጥዬ ለካሁት። አራት ጣት። አንድ ጥይት ተኩሶ ይሞክረው ተባለ። ሙዓዊያ ባንዲራውን ለጁማ ዘረጋለትና «ያላ፣ ቦታህ ግባ» አለው።

ጁማ መጀመሪያ ባንዲራውን አልተቀበለም። እኔን አየኝ። «የዛሬ ሳምንት አንቺም እዚህ ነበርሽ» አለኝ።

«ነበርኩ» አልኩ። «አይቼ ዝም አልኩ። በድዬሃለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ይቅር ማለት ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ባንዲራውን ወሰደና በሜዳው መካከል ሳይቸኩል ሄደ። አዲስ ወረቀት ለጠፈ። ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ቀዩ ባንዲራ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጠበቅን። ከክምሩ ኋላ አንድ የውኃ ጋሪ አለፈ። ቆይቶ ሌላ አለፈ። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ። ባንዲራው አልወረደም።

«ያ ጁማ!» ብሎ ጮኸ ሙዓዊያ። «ያላ!»

ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ የተኩሱ መስመር ላይ ጥላ የለም። ሙዓዊያ ፊቱን በጥምጥሙ ጫፍ ጠረገ፣ ወደ ጉድጓዱ ሊሄድ አንድ እርምጃ አነሳ።

«ተው» አለው ኮሎኔሉ። የጠመንጃውን አፍ ወደ መሬት አድርጎ እንደቆመ ነው። «ባንዲራው ቆሟል።»

ሙዓዊያ እግሩን መለሰ። ኮሎኔሉ፣ ጸሐፊው፣ ሽማግሌዎቹ፣ እኔም ከመካከላቸው፣ ጁማ እስኪፈልግ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆምን።